ስዊቾች የአንድ አቅጣጫ የመስመር ብልሽትን እንዲለዩ ስለ ማድረግ

ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት መሥሪያ ቤት የገጠመኝን ነገር መነሻ አድርጌ ስለ አንድ አቅጣጫ የመስመር ብልሽት በዚህ እትም ለመጻፍ ተነሣሁ። ርዕሱ በክፍል ውስጥ በአንድ ስላይድ የሚታለፍ ነው። እኔም ለፈተና ያህል ትርጉሙን ሸምድጄ አልፌው ነበር፤ ሥራ ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። የትእዛዞቹን ስም በላብ ውስጥ እንደምንጠራቸው በፊደላችን አስፍሬያቸዋለሁ። ኪቦርድ ላይ ስትቀመጡ በለመዳችሁት አጻጻፍ ትጽፏቸዋላችሁ።

የሆነው ነገር

መሥሪያ ቤቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ሕንፃዎች አሉት። ሰርቨሮቹና ዋናው ስዊች አንደኛው ሕንፃ ላይ፣ ሒሳብ ክፍል ሁለተኛው ላይ፣ መዝገብ ቤት ሦስተኛው ላይ ናቸው። ሦስቱም በፋይበር እንደ ሦስት ማዕዘን ተያይዘዋል፤ አንዱ መስመር ቢቋረጥ በሌላው ዞሮ ይደርሳል ተብሎ ነው። ከአንደኛው ሕንፃ ወደ ሁለቱ የሚሄዱት መስመሮች ስዊቹ ላይ በቀጥታ በተሰካ የፋይበር ሞጁል የተገናኙ ናቸው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው መስመር ግን በሚዲያ ኮንቨርተር የሚሠራ ነው። ማለትም ከስዊቹ በመዳብ ኬብል ይወጣል፣ በትንሿ ሣጥን ወደ ፋይበር ይቀየራል፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ በሌላ ሣጥን ወደ መዳብ ይመለሳል። የፋይበር ማስገቢያ ያለው ስዊች ሲያጥር የሚደረግ ነገር ነው፤ ተመርቃችሁ ስትወጡ እናንተም ታገኙታላችሁ።

ወሩ በገባ በ27ኛው ቀን፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ በሚዘጋጅበት ዕለት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ኔትወርኩ ቆመ። ፈጽሞ አልሞተም፤ ከአሥር ፒንግ አንዱ ይመለሳል፣ ዘጠኙ ይጠፋል። የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች የሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ቆመው «ዛሬ ደመወዝ አይገባም ማለት ነው?» ይላሉ። የክፍሉ ኃላፊ ስዊቾቹን አንድ በአንድ እንዳይ ላከኝ። በሦስቱም ሕንፃ ዞርኩ። የፋይበሩም የኮንቨርተሮቹም መብራት በሙሉ አረንጓዴ ነው። ብቻ ሁሉም ፖርት እኩል፣ ያለ ዕረፍት፣ እንደ አበደ ይርገበገባል። ተመልሼ «ጋሼ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው» አልኳቸው።

ዋናውን ስዊች አጥፍተን አበራነው። ለአፍታ ሠራ፣ ወዲያው ታፈነ። ቫይረስ ነው ተባለና የአንድ ክፍል ኮምፒውተሮች በሙሉ ተነቀሉ። ያም አልሆነም። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ አንድ የጥገና ባለሙያ፣ ስላሰበበት ሳይሆን ስለ ሰለቸው ይመስለኛል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሕንፃ መካከል ያለውን መስመር ነቀለው። በቃ፣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ሁሉም ጸጥ አለ፤ ፒንጉም መመለስ ጀመረ። የነቀለውን መስመር በፋይበር የብርሃን መለኪያ ስንፈትሸው ከሁለቱ ክሮች አንደኛው ምንም ብርሃን አያሳልፍም። ሁለተኛው ሕንፃ ላይ የራኩ በር ሲዘጋ ፓች ኮርዱን ቀርጥፎት ነበር። ደመወዙ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ገባ። ኃላፊው ግን «አንተ ልጅ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው አላልከኝም?» ማለታቸውን እስከ መጨረሻው ቀን አላቆሙም።

እኔም ስለ ተሸማቀቅኩ ነው ነገሩን ያነበብኩት።

አረንጓዴው መብራት ምን ይናገራል

የተለመደው የስዊች ፋይበር መስመር ሁለት ክር አለው። በአንዱ እንልካለን፣ በሌላው እንቀበላለን። የፖርቱ መብራት አረንጓዴ የሚሆነው በመቀበያው በኩል ተገቢ ሲግናል ሲደርሰው ነው። እንግዲህ መብራቱ የሚለን «እኔ እሰማለሁ» ብቻ ነው። «ያኛው ይሰማኛል» ማለቱ አይደለም። ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በጊጋቢት የመዳብ ኬብል አራቱም ጥንዶች በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሠሩ አንዱ ሲበጠስ ብዙውን ጊዜ መስመሩ ራሱ ይወድቃል ወይም ፍጥነቱ ይቀንሳል። በፋይበር ግን መሄጃና መመለሻው የተለያዩ ክሮች ስለሆኑ ግማሹ ሞቶ ግማሹ በሕይወት ሊቀር ይችላል።

እርግጥ ነው፣ የስታንዳርዱ ሰዎች ይህን አልዘነጉትም። በ100 ሜጋቢት ፋይበር ላይ «ፋር ኤንድ ፎልት» የሚባል ምልክት አለ፤ መቀበያው የሞተበት ወገን በመላኪያው በኩል «አልሰማህም» የሚል ምልክት ይልካል። በጊጋቢት ፋይበር ይህን ሥራ ኦቶ ኔጎሲዬሽን ይሠራል። በ10 ጊጋቢት ደግሞ «ሪሞት ፎልት» የሚባለው ምልክት አለ። ስለዚህ ሁለት ስዊቾች በቀጥታ በፋይበር ከተገናኙና እነዚህ ነገሮች ካልተነኩ አንድ ክር ሲቆረጥ ሁለቱም ፖርቶች አብረው ይወድቃሉ፣ ችግሩም ግልጽ ይሆናል። አደጋው የሚመጣው ሰው ሲነካቸው ነው። ሁለት የተለያዩ ስዊቾች አልግባባ ሲሉ «ስፒድ ኖንኔጎሽየት» የሚል ትእዛዝ ሰጥቶ ኦቶ ኔጎሲዬሽኑን ማጥፋት የተለመደ መላ ነው። መስመሩ ይነሣል፣ ሰውየውም ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ጠባቂውን እንዳባረረ ግን አያውቅም።

ሚዲያ ኮንቨርተር ሲገባ ነገሩ ይብሳል። ስዊቹ የሚያየው ከአጠገቡ ያለችውን ሣጥን ብቻ ነው። ከሣጥኗ ጋር ያለው የመዳብ መስመር ደህና እስከሆነ ድረስ፣ ከሣጥኗ ወዲያ ፋይበሩ ቢቆረጥም ባይቆረጥም የስዊቹ ፖርት አረንጓዴ ነው። የፋይበሩ ብልሽት ወደ መዳቡ እንዲተላለፍ የሚያደርግ «ሊንክ ፎልት ፓስ ትሩ» የሚባል ተግባር ያላቸው ኮንቨርተሮች አሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ በትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ የሚከፈት ነው። የእኛዎቹ ይህ ተግባር አልነበራቸውም። የሣጥኗን የራሷን የፋይበር መብራት ማየት ይቻል ነበር ትሉ ይሆናል። ሁለተኛው ሕንፃ ላይ ያለችው ከሦስተኛው ስለምትሰማ አረንጓዴ ነበረች። ሦስተኛው ላይ ያለችው ግን መጥፋት ነበረባት፤ እኔ የኃይል መብራቷን አይቼ አልፌ ሊሆን እንደሚችል አሁን እጠረጥራለሁ። መብራት ማየት ለሰው ልጅ የሚተው ሥራ አይደለም።

ሉፑ ከየት መጣ

አንድ ሰው «አንድ ክር ቢቆረጥ ያ መስመር አይሠራም እንጂ ሌላው ለምን ይታፈናል?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ስፓኒንግ ትሪ ላይ ነው።

ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 በዲጂታል ኢኩፕመንት ኮርፖሬሽን ሳሉ የፈጠሩት ይህ ዘዴ፣ መስመሮች በቀለበት ሲያያዙ አንዱን ፖርት ዘግቶ ቀለበቱን ይሰብራል። የተዘጋው ፖርት ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ከማዶ በየ2 ሴኮንዱ የሚመጣውን ቢፒዲዩ የሚባል መልእክት ያዳምጣል። መልእክቱ እየመጣ እስካለ ድረስ «ማዶ ያለው ስዊች ሥራውን እየሠራ ነው፣ እኔ አያስፈልግም» ብሎ ተዘግቶ ይቆያል። መልእክቱ ከቆመ 20 ሴኮንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ እያንዳንዳቸው 15 ሴኮንድ የሆኑትን ሁለቱን የመሸጋገሪያ ደረጃዎች ያልፋል፣ በጠቅላላው በ50 ሴኮንድ ገደማ ራሱን ይከፍታል። በሌላ አነጋገር ስፓኒንግ ትሪ ዝምታን እንደ ፈቃድ ይወስደዋል። መስመሩ በሙሉ ሲሞት ይህ ልክ ነው። መስመሩ በግማሽ ሲሞት ግን ጥፋት ነው።

በእኛ ግቢ የተዘጋው ፖርት ሦስተኛው ሕንፃ ላይ፣ ወደ ሁለተኛው በሚሄደው መስመር ላይ ነበር። የተቆረጠው ክር ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሚወስደው ነው። ሦስተኛው ሕንፃ ቢፒዲዩ ሲቀርበት «ማዶ ማንም የለም» ብሎ ፖርቱን ከፈተ። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው የሚወስደው ክር ደግሞ ደህና ነው። ስለዚህ አንድ ብሮድካስት ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፣ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው፣ ከአንደኛው ተመልሶ ወደ ሦስተኛው፤ እንደገና ወደ ሁለተኛው። ቀለበቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው፤ ለማፈን ግን አንድ አቅጣጫ ይበቃል። የአይፒ ፓኬት በእያንዳንዱ ራውተር የሚቀነስ የዕድሜ ቁጥር አለው፤ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። የኢተርኔት ፍሬም ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። የገባ ሁሉ ሲዞር ይኖራል፣ አዲስ የመጣውም ይጨመርበታል። ዋናውን ስዊች ስናጠፋ ቀለበቱ ይሰበራል፣ ስናበራ ይገጥማል። «ለአፍታ ሠራ፣ ወዲያው ታፈነ» ያልኩት ለዚህ ነው።

ሃሎ፣ ይሰማል?

መድኃኒቱ ዩኒዳይሬክሽናል ሊንክ ዲቴክሽን ይባላል፤ በአጭሩ ዩዲኤልዲ። የሲስኮ ኩባንያ የሠራው ፕሮቶኮል ነው፤ አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2008 አርኤፍሲ 5171 በሚል ሰነድ ታትሟል። ሐሳቡ በጣም ቀላል ስለሆነ በስልክ ምሳሌ ላስረዳ።

ኔትወርክ በማይነሣበት ቦታ ሆናችሁ ለእናታችሁ ስልክ ደወላችሁ እንበል። እናታችሁ «ሃሎ! ሃሎ! ማነው? አይሰማም!» ይላሉ። እናንተ ድምፃቸውን ጥርት አድርጋችሁ ትሰማላችሁ። በዚህ ጊዜ መስመሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚሠራ የሚያውቀው ማነው? እናንተ ናችሁ እንጂ እሳቸው አይደሉም። እሳቸው የሚያውቁት ዝምታ መኖሩን ብቻ ነው፤ ልጄ ዘጋው ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። እናንተ ግን የሰማችሁት ንግግር ውስጥ «እሰማሃለሁ» የሚል ስለሌለበት ነገሩን ታውቃላችሁ።

ዩዲኤልዲ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ፖርት በየጊዜው መልእክት ይልካል። መልእክቱ የራሱን የስዊች መለያና የፖርት መለያ ይይዛል፤ በተጨማሪም «በዚህ መስመር ላይ እነ እገሌን እሰማለሁ» የሚል ዝርዝር አለው። ተቀባዩ ዝርዝሩ ውስጥ ራሱን ይፈልጋል። ራሱን ካገኘ መስመሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። የጎረቤቱ መልእክት እየደረሰው የራሱ ስም ግን ከዝርዝሩ ከጠፋ መስመሩ አንድ አቅጣጫ ሆኗል ማለት ነው፤ ፖርቱን «ኤረር ዲሴብልድ» በሚባል ሁኔታ ይዘጋዋል። ልብ በሉ፣ የሚዘጋው የሚሰማው ወገን ነው። በእኛ ግቢ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ሕንፃ ላይ ያለው ፖርት ይዘጋ ነበር፤ እሱ ሲዘጋ ሦስተኛው የፈለገውን ቢልክ የሚቀበለው የለም፣ ቀለበቱም ይሰበራል።

ይኸው ዘዴ የክሮች መቀያየርንም ይይዛል። ፓች ፓነል ላይ ብዙ ክር ሲኖር የአንዱ ስዊች መላኪያ ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው መላኪያ ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛው ወደ አንደኛው ሊሰካ ይችላል። ሁሉም ብርሃን ስለሚያገኝ ሁሉም አረንጓዴ ነው! ዩዲኤልዲ ግን ከሚሰማው ጎረቤት ዝርዝር ውስጥ ራሱን ስለሚያጣ ይደርስበታል።

ሁለቱ ሞዶች

ኖርማልና አግረሲቭ የሚባሉ ሁለት ሞዶች አሉ፤ ብዙዎቻችን ልዩነታቸውን «አንዱ ይጠነክራል» ብለን ነው የምናልፈው። ልዩነቱ በእናትየው በኩል ነው፤ ዝምታ ብቻ የሚሰማው ወገን ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ ነው።

በኖርማል ሞድ፣ የጎረቤቱ መልእክት የቆመበት ፖርት መረጃው ጊዜው ሲያልፍ ሁኔታውን «አልታወቀም» ብሎ ይመዘግባል እንጂ ፖርቱን አይዘጋም። የሚዘጋው ማስረጃ ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ማስረጃውም የሰማው መልእክት ውስጥ ራሱን ማጣቱ ነው። በአግረሲቭ ሞድ ግን፣ ቀድሞ ሲነጋገረው የነበረ ጎረቤት ዝም ሲል ግንኙነቱን ለማደስ ስምንት ጊዜ ይሞክራል፤ ካልተመለሰለት ፖርቱን ይዘጋል።

አግረሲቭ የሚጠቅመው የት ነው? አንዱ ወገን ወድቆ ሌላው ቆሞ ሲቀር ነው። ኦቶ ኔጎሲዬሽን የጠፋበትን ቀጥታ ፋይበር አስቡ። ክሩ የተቆረጠበት ተቀባይ ፖርቱ ይወድቃል፣ ሌላው ግን ብርሃን ስለሚደርሰው ቆሞ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ሉፕ አይፈጠርም፤ የወደቀ ፖርት ምንም አያስተላልፍም። ነገር ግን የቆመው ፖርት የሚልከው ሁሉ ገደል ይገባል። ኖርማል ሞድ ዝም ብሎ ያያል፣ አግረሲቭ ይዘጋል፣ ትራፊኩም በሌላ መንገድ ይሄዳል።

ታዲያ ሁሌ አግረሲቭ ለምን አናደርግም? ዝምታ የሚመጣው ከተቆረጠ ክር ብቻ ስላልሆነ ነው። የማዶው ስዊች ሲፒዩ ተጨናንቆ መልእክት መላክ ቢያቅተው አግረሲቭ ሞድ ደህናውን መስመር ይዘጋዋል። በተጨናነቀ ሰዓት ሁለቱንም አፕሊንክ ዘግቶ ሕንፃውን በሙሉ ሊቆርጠው ይችላል። የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፦ ተለዋጭ መንገድ ባለበት ቦታ፣ ቀጥታ ፋይበር ላይ አግረሲቭ ይሁን። ተለዋጭ በሌለው ነጠላ መስመር ላይ፣ በተለይ አንድ ቀን ተጉዘን ካልደረስን የማንነካው ሩቅ ጣቢያ ከሆነ፣ ኖርማል ይበቃል። በነጠላ መስመር ላይ ስፓኒንግ ትሪ የሚከፍተው ሌላ ፖርት ስለሌለ ሉፑም የለም፤ መዝጋት የሚያመጣው ትርፍ አይታየኝም።

ኮንፊገሬሽኑ

ትእዛዙ አጭር ነው። በግሎባል ኮንፊገሬሽን ሞድ ላይ «ዩዲኤልዲ ኢኔብል» ብንል ኖርማል ሞድ ይነሣል፤ «ዩዲኤልዲ አግረሲቭ» ብንል አግረሲቭ ይነሣል። የመልእክቱን ልዩነት «ዩዲኤልዲ መሴጅ ታይም» ብለን ከኋላው ሴኮንዱን በመጻፍ እንቀይራለን፤ ካልነካነው በብዙዎቹ ስዊቾች ላይ 15 ሴኮንድ ነው።

አሁን ወጥመዱን ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ኃላፊው በሦስቱም ስዊቾች ላይ ግሎባል ትእዛዙን ሰጡና «እንግዲህ አይደገምም» አሉ። እኔ ግን ያቺ የመብራት ነገር ስላልለቀቀችኝ «ሾው ዩዲኤልዲ» ብዬ ፖርት በፖርት አየሁ። በቀጥታ ፋይበር የተገናኙት ፖርቶች ላይ ተነሥቷል። የተበላሸው መስመር ያለበት ፖርት ላይ ግን «ዲሴብልድ» ይላል! ግሎባል ትእዛዙ የሚነካው የፋይበር ፖርቶችን ብቻ ነው፤ ያ ፖርት ደግሞ ከኮንቨርተሩ ጋር የተገናኘው በመዳብ ስለሆነ ስዊቹ የመዳብ ፖርት አድርጎ ነው የሚያውቀው። እሱ ላይ ኢንተርፌሱ ውስጥ ገብቶ «ዩዲኤልዲ ፖርት» ማለት ያስፈልጋል፤ አግረሲቭ ከተፈለገ «ዩዲኤልዲ ፖርት አግረሲቭ»። ያደማን መስመር ራሱ ሳይጠበቅ ሊቀር ነበር። ኃላፊው «አይ አንተ፣ መብራቱን እንዲህ ብታየው ኖሮ» ብለው ሳቁ።

ሌላው ነገር፣ ትእዛዙ በሁለቱም ጫፍ መሰጠት አለበት። በአንዱ ጫፍ ብቻ ከሆነ ዝርዝር የሚመልስ ጎረቤት የለም፤ ሁኔታው «አንኖውን» እንዳለ ይቆያል፣ ፖርቱም አይዘጋም፣ ጥበቃም የለም። በጎ ጎኑ፣ አንዱን ጫፍ ዛሬ ሌላውን ነገ ብንነካ በመሀል የሚቆረጥ ነገር የለም። ሁለቱም ሲነሡ «ሾው ዩዲኤልዲ» ውስጥ «ባይዳይሬክሽናል» የሚለውን ቃል ማየት አለብን። «ሾው ዩዲኤልዲ ኔበርስ» ደግሞ ማዶ ያለውን ስዊችና ፖርት በዝርዝር ያሳያል፤ ከግድግዳው ላይ ካለው ሥዕል ጋር አመሳክሩት፣ ሥዕሉ ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው።

ፖርት ከተዘጋ በኋላ ለመክፈት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በእጅ ነው፤ ክሩን ጠግኖ ኢንተርፌሱን «ሻትዳውን» ከዚያ «ኖ ሻትዳውን» ማለት፣ ወይም «ዩዲኤልዲ ሪሴት» ብሎ በዚህ ምክንያት የተዘጉትን ሁሉ አንድ ላይ መክፈት። ሁለተኛው «ኤረርዲሴብል ሪከቨሪ ኮዝ ዩዲኤልዲ» በሚለው ትእዛዝ ስዊቹ ራሱ እንዲሞክር ማድረግ ነው፤ ካልተቀየረ በየ300 ሴኮንዱ ይሞክራል። ተለዋጭ ባለበት ግቢ ውስጥ ይህን ባላደርግ እመርጣለሁ። የተበላሸ ክር በየአምስት ደቂቃው እየተከፈተና እየተዘጋ ስፓኒንግ ትሪውን ሲያናውጥ ይውላል እንጂ ራሱን አይጠግንም። ሩቅ ላለ ጣቢያ ግን ይጠቅማል።

ጊዜው

ዩዲኤልዲ ብልሽቱን የሚያውቅበት ጊዜ በግምት የመልእክቱ ልዩነት በ2.5 ተባዝቶ 4 ሴኮንድ ሲደመርበት ነው። በ15 ሴኮንድ ልዩነት ወደ 41 ሴኮንድ ይሆናል፤ ከስፓኒንግ ትሪው 50 ሴኮንድ በፊት ስለሆነ ሉፑ ከመፈጠሩ በፊት ይደርሳል። ልዩነቱን 7 ብናደርገው ወደ 21 ሴኮንድ ይወርዳል።

ይህ ስሌት ግን የተሠራው ለአሮጌው ስፓኒንግ ትሪ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ ሦስት ቢፒዲዩ፣ ማለትም 6 ሴኮንድ ያህል ከቀረበት መንቀሳቀስ ይጀምራል። ዩዲኤልዲ አይደርስበትም። ስለዚህ ብቻውን አይበቃም፤ «ሉፕ ጋርድ» አብሮ መሄድ አለበት። ሉፕ ጋርድ የሚያደርገው፣ ቢፒዲዩ ሲቀበል የነበረ ፖርት በድንገት ሲቀርበት ራሱን ከመክፈት ይልቅ «ሉፕ ኢንኮንሲስተንት» ብሎ እንዲዘጋ ማድረግ ነው። ዝምታን እንደ ፈቃድ መውሰድ ይቀራል ማለት ነው። በግሎባል «ስፓኒንግ ትሪ ሉፕጋርድ ዲፎልት» ይባላል። በእኛ ግቢ ሦስተኛው ሕንፃ ላይ ይህ ትእዛዝ ቢኖር ኖሮ ፖርቱ አይከፈትም ነበር።

ታዲያ ዩዲኤልዲ ለምን ያስፈልጋል ከተባለ፣ ሉፕ ጋርድ መጀመሪያ ቢፒዲዩ ደርሶት የማያውቅን ፖርት አይጠብቅም። መስመሩ ሲዘረጋ ጀምሮ ክሩ ተቀያይሮ ከተሰካ ሉፕ ጋርድ ምንም አያውቅም፤ ዩዲኤልዲ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የ802.1ዲ ስታንዳርድም «ዲስፒዩት» የሚባል የራሱ መከላከያ አለው፤ የተሻለ መረጃ እየላከ ያለ ስዊች ከማዶ ያነሰ መረጃ ይዞ «እኔ ነኝ የምመራው» የሚል ቢፒዲዩ ሲደርሰው መልእክቴ አልደረሰም ማለት ነው ብሎ ማስተላለፉን ያቆማል። ስዊቻችሁ ይህን እንደሚደግፍ ሳታረጋግጡ ግን አትመኩበት።

የተለያየ ሥሪት ያላቸው ስዊቾች

ጨረታ ባሸነፈው ሁሉ ስለምንገዛ አንድ ግቢ ውስጥ የሦስት ኩባንያ ስዊች ማግኘት ብርቅ አይደለም። ሁዋዌ ዲኤልዲፒ የሚባል የራሱ ፕሮቶኮል አለው፤ ዲሊንክም የራሱ አለው፤ ኤችፒ ፕሮከርቭ ላይ «ሊንክ ኪፕአላይቭ» ተብሎ ይገኛል። ሐሳባቸው ተመሳሳይ ሆኖ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። በሲስኮና በሁዋዌ መካከል ያለ መስመር ላይ ሁለቱንም አንሥቶ ተጠብቄአለሁ ማለት ስሕተት ነው።

በዚህ ቦታ የሚያዋጣው ኤልኤሲፒ ነው። መስመሮችን ለማጣመር እ.ኤ.አ. በ2000 በ802.3ኤዲ የወጣ ስታንዳርድ ስለሆነ ሁሉም ይረዳዋል። መልእክቱ ውስጥ የላኪው መረጃ ብቻ ሳይሆን ላኪው ስለ ተቀባዩ የሚያውቀውም ተጽፏል፤ ያው «እሰማሃለሁ» ማለት ነው። አንድ መስመር ብቻ ቢሆንም እንደ ጥምር መስመር አድርጎ ማዋቀር ይቻላል። በፈጣኑ አሠራር በየሴኮንዱ ይልካል፣ 3 ሴኮንድ ዝም ከተባለ ይነቃል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ አንዳንድ ስዊቾች ከጥምሩ የወጣን ፖርት እንደ ተራ ፖርት ብቻውን እንዲሠራ ይለቁታል። ያ ከሆነ ወደ ተነሣንበት ሉፕ ተመለስን ማለት ነው፤ ብቻውን እንዳይሠራ መከልከል ያስፈልጋል።

ላብ ውስጥ ለመሞከር

በኮምፒውተር ላይ የምንለማመድባቸው ሲሙሌተሮች መስመሩን እንደ አንድ ገመድ ነው የሚስሉት፤ ግማሹን መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ እውነተኛ ዕቃ ያስፈልጋል። ሁለት የፋይበር ሞጁል ያላቸው ስዊቾችና አንድ ባለ ሁለት ክር ፓች ኮርድ ይበቃል። ሁለቱን ኮኔክተሮች ያያያዘችውን ፕላስቲክ ፈትታችሁ አንዱን ብቻ ትነቅላላችሁ። የተነቀለውን ክር ጫፍ በዓይን መመልከት ክልክል ነው፤ ብርሃኑ አይታይም፣ ዓይንን ግን ይጎዳል። ወዲያው በክዳኑ ሸፍኑት።

መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ ንቀሉ፤ በኦቶ ኔጎሲዬሽን ምክንያት ሁለቱም ፖርቶች ይወድቃሉ። ቀጥሎ በሁለቱም ላይ «ስፒድ ኖንኔጎሽየት» ብላችሁ ድገሙት፤ አንዱ ወድቆ ሌላው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። በሦስተኛው ዙር ዩዲኤልዲን በኖርማል አንሡና ንቀሉ፤ አረንጓዴው ፖርት አይዘጋም፣ ሁኔታው ብቻ ይቀየራል። ብዙ ተማሪ «አልሠራም» የሚለው እዚህ ጋ ነው፤ ሠርቷል፣ ማስረጃ የሚሆን መልእክት ስላልደረሰው ነው ያልዘጋው። በአራተኛው ዙር አግረሲቭ አድርጋችሁ ሰዓት ያዙ፣ «ኤረር ዲሴብልድ» እስኪል ጠብቁ።

የኮንቨርተሩን ሁኔታ ለማየት ሦስተኛ ስዊችና ሁለት ኮንቨርተር ይጨመራል። ይህን ስትሞክሩ ከኮሌጁ ኔትወርክ ጋር የተያያዘ ኬብል አለመኖሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ሉፑ ሲነሣ የፖርቶቹን መብራት ተመልከቱት፤ ሁሉም አረንጓዴ ሆነው እኩል ይርገበገባሉ።